ከአንድ ምንጭ ለብዙ መሣሪያ
የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ላይ ስላለፈበት መንገድ፤ ወንጪን መነሻ ያደረገ አጭር ጥናት

መግቢያ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በጠረጴዛ ኮምፒዩተርም ሆነ በእጅ ስልክ ላይ እንዲሠራ የማድረግ ልማድ እንዴት እንደ መጣና ለአገራችን ፊደል ምን እንደ ጠቀመ ነው። የሙያው ሰዎች ፕሮግራም ተጽፎ የሚገኝበትን ጽሑፍ «ምንጭ» ወይም «የምንጭ ኮድ» ብለው ይጠሩታል። ስያሜው ለአምቦ አካባቢ ሰው አይከብደውም። ከአምቦ ምድር የሚፈልቀው ውኃ በመስታወትም በፕላስቲክም ጠርሙስ ይታሸጋል፤ ጠርሙሱ ይለያያል፣ ውኃው ግን አንድ ነው። የፕሮግራም ሠሪዎችም ምኞት እንደዚሁ ነው፤ ይኸውም ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለሊኑክስ፣ ለአንድሮይድና ለአይፎን አምስት ጊዜ ለየብቻ ከመጻፍ ይልቅ አንድ ጊዜ ጽፎ ለአምስቱም ማዋል ነው።

ለጥናታችን መነሻ ያደረግነው ወንጪን ነው። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኝ፣ በእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ በተኛው ሐይቁ የታወቀ አገር ሲሆን፣ በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። እኛ የመረጥነው ግን ስለ ውበቱ አይደለም። በዚህ አገር ኦሮምኛ በቁቤ፣ አማርኛም በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ በፈረስና በታንኳ የሚያስጎበኘው ወጣት አንድ ዓይነት ስልክ ሲይዝ እንግዳው ሌላ ዓይነት ይዞ ይመጣል። ሁለት ጽሕፈትና ብዙ መሣሪያ በአንድ ቦታ ስለሚገናኙ ጉዳዩን ለመመርመር የተመቸ ሆኖ አግኝተነዋል።

ልናሳይ የምንፈልገው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ መሣሪያዎች አንድን ፕሮግራም ለመካፈል ከመቻላቸው በፊት ሰዎች በአንድ የፊደል ቁጥር መስማማት ነበረባቸው። ስምምነቱ እስኪደረስ በነበሩት ዓመታት የተጻፈው ብዙ ጽሑፍም ዛሬ የመጥፋት አደጋ አለበት። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ከብራና እስከ ጽሕፈት መኪና

በወንጪ ሐይቅ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል። በእንዲህ ያለ ገዳም የሚነበብ የብራና መጽሐፍ በጎጃም ይጻፍ በትግራይ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ይጻፍ ትናንት፣ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ጸሐፊውና አንባቢው ተያይተው አያውቁም፤ የሚያገናኛቸው ሁለቱም የተማሩት አንዱ የፊደል ገበታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የጋራ ምንጫችን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» የሚለው ገበታ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ማተሚያ በመጣ ጊዜም ይህ ስምምነት አልፈረሰም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በ1513 ሮማ ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳትሟል፤ በአዲስ አበባም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1921 ተቋቁሟል። በማተሚያ ቤት ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ የብረት ፊደል ይቀረጽለታል፤ ይህ ድካም ቢያበዛም ከፊደሉ አንዱን እንኳ አያስቀርም።

ችግሩ የመጣው በጽሕፈት መኪና ነው። ይህ መሣሪያ ለላቲን ፊደል ታስቦ የተሠራ ሲሆን ቁልፎቹ ከዐርባ ብዙ አይበልጡም፤ እያንዳንዱም ቁልፍ የሚጽፈው ሁለት ምልክት ስለሆነ በጠቅላላው መቶ አይሞሉም። የአማርኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ፣ ዲቃላዎቹ ሳይጨመሩ፣ 231 ይሆናል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚጠራውም ይህን እንቆቅልሽ በመፍታታቸው ነው። በአማርኛው መኪና የሆሄው አካል በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው በሌላ ቁልፍ እየተመታ ይገጣጠማል። የተጻፈው ይነበባል፤ ነገር ግን መልኩ ከብራናውም ከማተሚያውም ፊደል ይለያል። ፊደሉን ስለ ማሻሻልና ስለ መቀነስ በየጊዜው ለተነሣው ክርክር አንደኛው ምክንያት ይኸው የመኪናው ጥበት ነበር። ጥያቄው በአጭሩ «ፊደሉ ለመኪናው ይታረም ወይስ መኪናው ለፊደሉ ይሠራ?» የሚል ሲሆን፣ ከዚህ በታች እንደምናየው ኮምፒዩተርም ይህንኑ ጥያቄ ይዞ መጥቷል።

ለ. ሁሉም በየቤቱ የሠራበት ዘመን

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መስጠት ግድ ነው። አሜሪካኖች በ1963 አስኪ የተባለውን ሠንጠረዥ ሲያወጡ ቦታው 128 ብቻ ነበር፤ ለእንግሊዝኛ ይበቃል፣ ለእኛ ግን ግማሽም አይሆንም። ኋላ ቦታው ወደ 256 ቢያድግም የላቲኑ ፊደል አስቀድሞ ይዞት ነበር።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም መካከል ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሓ አጥላው፣ የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን ሠሩ። በ1990ዎቹም ፊደል፣ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም ተከተሉ። መሥሪያ ቤቶችና ጋዜጦች ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር የተሻገሩት በእነዚህ ሰዎች ድካም ስለሆነ ሥራቸው ምስጋና የሚገባው ነው።

ነገር ግን የጋራ ቁጥር ስላልነበረ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ቁጥር ለመስጠት ተገደደ። ዘዴው ባጭሩ እንዲህ ነው። በላቲን ፊደል ቁጥር ቦታ ላይ የግዕዝ ፊደል መልክ ይሣላል። ኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደል ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ ሰውየው ግን በፎንቱ አማካይነት አማርኛ ያያል። አንድ ፎንት ሁሉንም ሆሄ ስለማይችል ፊደሉ በሁለትና ከዚያም በሚበልጡ ፎንቶች ይከፈል ነበር፤ በዚህም ምክንያት የአንዲት ቃል ፊደላት ከልዩ ልዩ ፎንት የሚመጡበት ጊዜ አለ።

ከዚህ ሦስት ጉዳት ተከተለ። አንደኛ፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ፣ ቃል መፈለግና ስሞችን በሀሁ ተራ መደርደር አይቻልም፤ ቁጥሩ የፊደሉን ተራ አይከተልምና። ሦስተኛ፣ ለዊንዶውስ የተሠራው ለማክ ስለማይሆን ሥራው ሁሉ እንደገና ከሥሩ ይጀመራል። በዚህ ረገድ ዘመኑ ከብራናው ዘመን ወደ ኋላ የቀረ ነበር፤ ከደብረ ሊባኖስ የመጣ መጽሐፍ በወንጪ ሲነበብ፣ ከአዲስ አበባ በዲስኬት የመጣ ደብዳቤ በአምቦ ሳይነበብ ሊቀር ይችል ነበርና።

ይህን ክፍተት ለመድፈን ከተደረጉት ጥረቶች መካከል የይትና ፍርድይወቅና የዳንኤል ያዕቆብ ሥራ ተለይቶ መጠቀስ አለበት። እነርሱ «ሰራ» የተባለ ሥርዓት አውጥተው የግዕዝን ፊደል በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ በሚገኘው በአስኪ ፊደል ለመወከል አስችለዋል። ዳንኤል ደግሞ ሊብኤት የተባለ ላይብረሪ በሲ ቋንቋ ጽፎ፣ በየቤቱ የተሠሩትን ቁጥሮች ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ እንዲቻል አድርጓል። ሊብኤትን እንደ አስተርጓሚ ልንቆጥረው እንችላለን፤ ፕሮግራም ሠሪው ሁሉ የሁሉን ቁጥር ከሚያጠና አንድ አስተርጓሚ ለሁሉ ይበቃል። በእኛ ፊደል ታሪክ ውስጥ አንድን ምንጭ ለብዙዎች የማካፈል ሐሳብ ከታየባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ሐ. የአንድ ቁጥር ስምምነት

የዓለምን ጽሕፈት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ለማስፈር የተነሣው ዩኒኮድ የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው በ1991 ነው። የግዕዝ ፊደል የገባው በሦስተኛው እትም በ1999 ሲሆን 345 ምልክቶች ቦታ አገኙ። ከእነዚህም መካከል አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ፣ የግዕዝ አኃዞችም ይገኛሉ።

የሠንጠረዡ አሠራር የፊደል ገበታችንን ሥርዓት የተከተለ ነው። የ«ሀ» ቁጥር 4608፣ የ«ሁ» 4609፣ የ«ሂ» 4610 እያለ ይሄድና «ለ» በ4616 ይጀምራል። በመደበኛው አደራደር ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ስለ ተሰጠው፣ ቁጥሩ ለስምንት ተካፍሎ ትራፊ ከሌለው ፊደሉ ግዕዝ ነው፤ አንድ ከተረፈ ካዕብ፣ ሁለት ከተረፈ ሣልስ ነው። ከዚህ የሚወጡ ዲቃላዎች ቢኖሩም፣ ቀድሞ በየፎንቱ ተበትኖ የነበረው ፊደል ኮምፒዩተር ሊያሰላው በሚችል ተራ ተሰልፏል።

ሥራው በአንድ ጊዜ አላለቀም። በ2005 ለብሊን፣ ለሰባት ቤት ጉራጌና ለሌሎችም የሚያስፈልጉ ፊደላት ታከሉ፤ በ2010 ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚሆኑት ገቡ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት ተጨማሪ ምልክቶች ተሰጡ። የጉራጌ አገር ከወሊሶ በስተደቡብ የሚዋሰን ስለሆነ ይህ ለአካባቢያችን የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ ምንጭ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚዘጋ ሳይሆን፣ ያልተቆጠረ ወገን «እኔስ?» ባለ ጊዜ እየተከፈተ የሚጨመርበት መዝገብ መሆኑን ነው።

ስምምነቱ ከተደረሰ በኋላ ፍሬው በየመሣሪያው ታየ። ከ2007 ጀምሮ ለሕዝብ በተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለ ፎንት ገባ፤ በአፕል ኮምፒዩተሮች ከፋ የተባለው ገባ፤ ጉግል ያሠራው ኖቶም ለግዕዝ ፊደል የሚሆን አለው። የፎንቶቹ መልክ ይለያያል፤ በሁሉም ዘንድ ግን 4608 «ሀ» ነው። በመጨረሻም መኪናው ለፊደሉ ተሠራ እንጂ ፊደሉ ለመኪናው አልታረመም።

መ. አንድ ምንጭ ለብዙ መሣሪያ

የፊደል ቁጥር አንድ ከሆነ በኋላ የፕሮግራሙን ምንጭ አንድ የማድረግ ነገር ይከተላል። ይህ ሐሳብ ከእኛ ጉዳይ በፊት በሌላ አገር የቆየ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ዩኒክስን በ1973 በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፉት፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም በአሠራሩ ፈጽሞ ወደ ተለየ ኮምፒዩተር አሻገሩት። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓይነት ማሽን ብቻ ተጽፎ ከማሽኑ ጋር ያረጅ ነበር። በ1995 የወጣው ጃቫ ደግሞ በየማሽኑ ላይ አንድ ዓይነት አስተርጓሚ በማስቀመጥ፣ አንድ ጊዜ የተጻፈውን በሁሉም ስፍራ ለማስኬድ ተስፋ ሰጠ።

የእጅ ስልክ ሲመጣ ዓለም እንደገና ለሁለት ተከፈለች፤ የአይፎን ፕሮግራም በአንድ ቋንቋ፣ የአንድሮይድ በሌላ ቋንቋ ይጻፍ ጀመር። ለዚህ መልስ ይሆኑ ዘንድ ከቀረቡት መካከል በ2015 ፌስቡክ ያወጣው ሪአክት ኔቲቭና በ2018 ጉግል ለሥራ ያበቃው ፍላተር በሰፊው ታውቀዋል። ሪአክት ኔቲቭ ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ ስልኩ የራሱን አዝራርና የራሱን መጻፊያ ሳጥን እንዲያቀርብ ያዛል፤ ፍላተር ግን የስልኩን ትቶ ሁሉን ነገር ራሱ ይሥላል። የመጀመሪያው ለአገሬው መልክ ይቀርባል፤ ሁለተኛው በሁሉም ዘንድ አንድ መልክ ያሳያል። ሁለቱም ቢሆኑ ተስማሚ ፎንት ካላገኙ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ከማሳየት አይድኑም።

ለእኛ ፊደል ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ኪማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነው። ኪማን በ1990ዎቹ ለዊንዶውስ ተሠርቶ ኋላ ምንጩ ለሁሉም በነፃ ክፍት ሆኗል። አንድ ሰው የኪቦርዱን ሕግ በአንድ ጽሑፍ ያሰፍራል፤ ለምሳሌ የ«ል» ቁልፍ ከተመታ በኋላ የ«ኡ» ድምፅ ቁልፍ ቢከተል «ሉ» ይሁን ይላል። ይህ አንድ ጽሑፍ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች በአንድ ዓይነት፣ ለስልክና ለድረ ገጽ በሌላ ዓይነት ተዘጋጅቶ ይወጣል። በዚህ መንገድ ለአማርኛ የተሠራ ኪቦርድ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ፣ በአንድሮይድና በአይፎን ላይ በአንድ ሕግ ይሠራል።

ይህ ጥቅም ከድካም ማቃለል ያልፋል። እንግሊዝኛ አምስት ጊዜ ቢጻፍለት የሚከፍል ገበያ አለው፤ ለብሊን ወይም ለባስኬቶ ግን አምስት ጊዜ የሚጽፍ ነጋዴ አይገኝም። አንድ ጊዜ የሚጽፍ አንድ ትጉህ ሰው ግን ይገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ምንጭ መካፈል ተናጋሪው ለማይበዛ ቋንቋ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

ሠ. ከወንጪ ሲታይ

አሁን ወደ ወንጪ እንመለስ። ኦሮምኛ ለብዙ ዘመን በግዕዝ ፊደልም ተጽፏል፤ ኦኔስሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 የታተመው፣ በሪሳ ጋዜጣም ከ1975 ጀምሮ ይወጣ የነበረው በዚሁ ፊደል ነው። ከ1991 ወዲህ ግን ቁቤ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ሥራ ላይ ውሏል። ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ቁጥሩ ከ1963 ጀምሮ በየማሽኑ ላይ ተዘጋጅቶ ጠበቀው፤ ስለዚህ አማርኛ የደረሰበት የፎንት መከራ አልደረሰበትም። ደግነቱ፣ ቀድሞ በግዕዝ ለኦሮምኛ የተቀረጸው «ዸ»ም በ1999ኙ ሠንጠረዥ ቦታ ስላገኘ የቆየውን ጽሑፍ እንደ ነበረ መልሶ መጻፍ ይቻላል።

ሆኖም የጋራ ምንጭ ሁሉን እኩል አያደርግም። በሞባይል የሚላክ አንድ አጭር መልእክት በቁቤ 160 ፊደል ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥም በተለመደው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። እርግጥ «ሰላም» በእኛ ሦስት ፊደል፣ በላቲን አምስት ስለሆነ ልዩነቱ በመጠኑ ይካካሳል።

ቁቤም ቢሆን የራሱ እንቅፋት አለው። ሁዻ የተባለችው ምልክት የቃሉ አካል ናት፤ ፕሮግራሞች ግን እንደ ጥቅስ ምልክት ይቆጥሯታል። አንዱ መሣሪያ በ39 ቁጥር ሲጽፋት ሌላው በራሱ ሥልጣን ወደ 8217 ይለውጣታል፤ ለዓይን አንድ የሆነችው ቃል ለኮምፒዩተር ሁለት ትሆንና ስትፈለግ አትገኝም። በአማርኛም «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ብለው ሁለት ሰዎች ቢጽፉ የሚደርሰው ይኸው ነው። እንግዲህ የቁጥር ስምምነት የአጻጻፍን ስምምነት አይተካም።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። አንድሮይድና የአፕል መሣሪያዎች የሚጠቀሙባቸው የጋራ ላይብረሪዎች የእኛን ዐሥራ ሦስት ወር፣ በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም፣ ማስላት ይችላሉ። ነገር ግን ፕሮግራም ሠሪው ከመሣሪያው ጋር ተዘጋጅቶ የሚያገኘው የቀን መምረጫ በተለምዶ የአውሮፓን አቆጣጠር የያዘ ነው። ጳጉሜን ለማስገባት የሚፈልግ ሁሉ ለየብቻው ይደክማል፤ ይኸውም የ1990ዎቹ የየቤቱ ሥራ በሌላ መልክ መመለሱ ነው።

በመጨረሻ ምንም ፕሮግራም በስልኩ ላይ ሳይጫን የሚሠራውን ዘዴ መርሳት አይገባም። በ2021 ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሲጀምር ዘመናዊ ስልክ ለያዘ በመተግበሪያ፣ ተራ ስልክ ለያዘ ደግሞ ኮከብና መሰላል ባለው አጭር ቁጥር እንዲጠቀም አድርጓል። በሁለተኛው መንገድ ፕሮግራሙ ያለው በድርጅቱ ዘንድ ነው፤ ስልኩ የሚያሳየው ጥቂት የጽሑፍ መስመር ብቻ ስለሆነ የስልኩ ዓይነት ጉዳይ አይደለም። ፈረሱን ለእንግዳ ያከራየ የወንጪ ገበሬ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዞ ሒሳቡን ለመቀበል የሚችለው በዚህ ነው። ብዙ መሣሪያን በአንድ ምንጭ ማገልገል ሁልጊዜ አዲስ መሣሪያ እንደማይጠይቅ ከዚህ ይታያል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከተው ሁለት ነገር እናወጣለን። የመጀመሪያው ስለ ታሪኩ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ምንጭ ለብዙ መሣሪያ የዋለው በአዳዲስ የፕሮግራም ቋንቋዎች ብልሃት ይመስላል። የእኛ ፊደል ታሪክ የሚያስረዳው ግን ብልሃቱ ከስምምነቱ በኋላ የመጣ መሆኑን ነው። በ1990ዎቹ ጎበዝ ሠሪዎች አልጠፉም፤ የጠፋው ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ በ1999 ከተገኘ ወዲህ የአንዱ ድካም ለሌላው መዋል ጀመረ።

ሁለተኛው ስለ ቀረልን ሥራ ነው። ከስምምነቱ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ቁጥር የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የዳኝነት ውሳኔዎችና የጋዜጣ ገጾች ዛሬም በአሮጌ ዲስኬትና ኮምፒዩተር ውስጥ አሉ። የሚከፍቷቸው ፕሮግራሞች ከአዳዲሶቹ ማሽኖች ጋር አይስማሙም፤ ቁጥሮቹን የሚያውቁት ሰዎችም እየቀነሱ ነው። ብራና ዝናብና እሳት ካላገኘው ይቆያል፤ የእነዚህ ጽሑፎች ጠላት ግን ዝምታ ነው። ማንም ሳያቃጥላቸው የማይነበቡ ይሆናሉ።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ አለን። በኮምፒዩተር ትምህርት ላይ ያለነው የመመረቂያ ሥራችንን በምንመርጥበት ጊዜ፣ ሌላ አንድ አዲስ መተግበሪያ ከመጨመር ይልቅ የአንድ አሮጌ ፎንት ቁጥርን ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ሠንጠረዥ፣ ወይም በየመሣሪያው የሚሠራ የኢትዮጵያ ቀን መምረጫ፣ ወይም ሁዻን በትክክል የሚያነብ የቃል መፈለጊያ ሠርተን ምንጩን ለሁሉም ክፍት ብናደርግ ይበልጥ ይጠቅማል። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎችም በየትውልድ ቦታቸው ያሉትን አሮጌ ጽሑፎች፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጻፉ እየጠየቁ ቢመዘግቡ ለዚህ ሥራ መሠረት ይሆናል። የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው።